ወገቡ ላይ የተውኩት ትርፍ

ሰኔ 4፣ ሰኞ

ዝናቡ ገባ። ከጠዋት ጀምሮ የሱቁን ቆርቆሮ ሲደበድበው ዋለ፤ ደንበኛ ዝር አላለም። የልጄን የሥራ ልብስ ተኩሼ ጨረስኩ፤ ሁለት ጉርድ፣ ሁለት ሸሚዝ። ልጄ የአውቶቡስ ትኬት መሸጫ መስኮት ላይ ነው የምትሠራው። ካገባች ጀምሮ ልብሷን ቅዳሜ ታመጣልኛለች፣ ሐሙስ ትወስዳለች። ባሏ አንድ ጊዜ «እማማ፣ ካውያ ልግዛላትና ይረፉ» ሲለኝ ደንግጬ ነበር።

እርጥብ ሱፍ ሲተኮስ የሚሸተው ሽታ ድሮን ጎትቶ ያመጣብኛል። ባለቤቴ እዚያ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናውን እየረገጠ፣ እኔ እዚህ እየተኮስኩ፣ ልጃችን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብላ ቁልፎችን በየቀለማቸው እየለየች። ከዚያ ሥር የሚታያት የሰው እግርና የልብስ ጠርዝ ብቻ ነበር። «እማ፣ የዚህች ሴትዮ ዘምዘማ ተተርትሯል» ትላለች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ስታያት፣ አፏ ውስጥ ቁልፍ ይዛ ትስቃለች።

ዛሬም የጉርዶቹን የጎን ስፌት ተርትሬ ወገባቸውን በትንሹ አሰፋሁት። ትንሽ ነው። መጀመሪያ ስሰፋቸው ወገቡ ላይ ብዙ ትርፍ ጨርቅ የተውኩት ለዚሁ ነው። እሷ አላወቀችም፤ ማወቅም የለባትም። በዚህ ሰሞን የሚያስከፋት ነገር በዝቷል።

ሰኔ 7፣ ሐሙስ

መጥታ ልብሷን ወሰደች። ቁጭ በይ ስላት «አውቶቡስ ያመልጠኛል» አለች። ትኬት የምትሸጥ ሰው አውቶቡስ ያመልጣታል እንዴ ብዬ ልቀልድባት ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

ከአገጯ ሥር ፓውደር አብዝታለች። ከፓውደሩ ሥር ቀያይ ነጠብጣብ ይታያል። ፀጉር በክር ሲነቀል ነው እንዲያ የሚሆነው። አልጠየቅኳትም።

በሩ ላይ ቆማ ጉርዱን ዳበስ አደረገችና «ይሄ ጨርቅ ግን ይገርማል፤ ከሰርጌ ጀምሮ ለበስኩት፣ አንድ ቀን ጠቦኝ አያውቅም» አለች።

«ጥሩ ሱፍ ነው» አልኳት።

ሰኔ 12፣ ማክሰኞ

ክር ልገዛ ሬዲዮ ጋ ሄድኩ። ሬዲዮ የክርና የቁልፍ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ናት። ስሙን ያወጣላት ባለቤቴ ነው፤ «ይህቺ ሴትዮ ባትሪዋ አያልቅም» ይል ነበር።

«ልጅሽ ፊቷ ሞላ ሞላ ብሏል» አለችኝ። «የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«ትዳር ተስማምቷት ነው።»

«ትዳርማ ለእኔም ተስማምቶኝ ነበር፤ እንዲህ ግን አላሰፋኝም።»

«አንቺ ሆዬ፣ የቆረጥንልሽን ጨርቅ የማላውቅ መሰለሽ?»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የሚጠጣ ቅጠል የምትሰጥ ሴት እንደምታውቅ ነገረችኝ። ማኅፀን ትከፍታለች አለች።

«ማኅፀን የሱቅ በር ነው እንዴ?» አልኳት። ክሬን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን «ሞላ ሞላ» ያለችው ቃል አልለቀቀኝም። ሰው ዓይን ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ጉርዱን ብቻ እያየሁ ፊቷን ረስቼው ኖሯል።

ሰኔ 17፣ እሑድ

ሱቅ ዝግ ነው። የቆዩ የልብስ ቅዶችን ከሚስማራቸው አውርጄ አቧራቸውን ሳራግፍ ዋልኩ። ሁሉም ከጋዜጣ የተቆረጡ ናቸው። ማንበብ የተማርኩት ከእነዚህ ነው። ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ባለቤቴ ለቅድ የሚሆን አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ ይገዛ ነበር፤ መቀሱ ከመግባቱ በፊት ፊደሎቹን በጠመኔው ጫፍ እየነካ ያስጠናኛል። አንድ ጊዜ ቃል መግጠም ከጀመርኩ በኋላ ማንም አላስቆመኝም። መጽሐፍም ጋዜጣም ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ስንቱን ወሬ ብብቱ ላይ ቆርጬዋለሁ። ስንቱ ባለሥልጣን ንግግሩን ሳይጨርስ አንገትጌ ሆኖ ቀርቷል።

ከሁሉ አንድ የእጅጌ ቅድ አለች፤ ዛሬም መልሼ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኳት። አንዲት ሴት ለጋዜጣው ሐኪም የጻፈችው ጥያቄ አለባት። የወር አበባዬ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ነው የሚመጣው፣ አገጬ ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ ባገባም ልጅ አልመጣልኝም፣ ምን ሆኜ ነው ትላለች። መልሱ «እህቴ ሆይ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ መቀስ ነው። ያኔ ንባቤ ዘገምተኛ ስለነበር መልሱ ላይ ሳልደርስ ቆርጬዋለሁ። ቁርጥራጩን መሬት ላይ ተንበርክኬ ፈለግኩት፤ ለካ እሳት ተቀጣጥሎበታል። ባለቤቴ «ምን ጠፋሽ?» ሲለኝ «መርፌ» አልኩት። እሱም ወርዶ አብሮኝ ሲፈልግ አመሸ።

ለምን እንደዚያ እንደፈለግኩት እንጃ። የጀመሩትን ነገር አለመጨረስ ያናድዳል፤ ለዚያ ነው።

ሰኔ 21፣ ሐሙስ

ልብሷን ልትወስድ አልመጣችም። አማቼ ደወለ። «እማማ፣ አይደንግጡ» ብሎ ጀመረ። መስኮቷ ላይ እያለች ወደቀች። ለወራት ቀርቶ የነበረው የወር አበባ ድንገት መጥቶ አልቆም ብሏል። ክሊኒክ ናቸው። እየሄድኩ ነው። ዣንጥላው የት ገባ

ሰኔ 22፣ ዓርብ

ደህና ናት። ማለቴ ቆማ ትሄዳለች።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ትሑት፣ ግን የሚቸኩል። እኔ ከመጋረጃው ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ የሚሉት ሁሉ ይሰማኛል።

«በቅርቡ ክብደት ጨምረሻል?»

«አይመስለኝም። ሰውነቴ ይከብደኛል፤ ግን ጉርዴ ያው ነው። ይኸው፣ ከሰርጌ ጀምሮ ለብሼዋለሁ፤ ልክ ነው።»

«ከቤተሰብ እንዲህ የወር አበባ የሚዘበራረቅበት፣ መውለድ ያስቸገረው ሴት አለ? እናትሽስ?»

«እናቴ ጤነኛ ናት። እኔን ለመውለድ ቆይተዋል፤ እሱ ግን በአባቴ ምክንያት ነው።»

የመጋረጃው ጠርዝ ዘምዘማው ተተርትሮ ክሩ ተንጠልጥሏል። እሱን ሳይ ቆየሁ። በሁለት መርፌ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ እንዴት ዝም ብለው ይተዉታል እያልኩ አስብ ነበር።

ደም የሚያቆም ክኒን ሰጣት፤ ደሟ ስላነሰ ደግሞ አይረን። «ጭንቀት ይሆናል፤ ካልተስተካከለ የሴቶች ሐኪም ጋ ትሄጃለሽ» አላት። ልጅ ስለመውለድ ስትጠይቀው «ገና ወጣት ነሽ» ብሎ የሚቀጥለውን ሰው ጠራ። ስትወጣ ፊቷ ላይ ያየሁት እፎይታ አይደለም። ስሙን ያላገኘችለት ነገር ይዟታል።

ሰኔ 27፣ ረቡዕ

ልጄ ቤት ነበርኩ፤ እሷ ተኝታለች። የባሏ እናት ሊጠይቁ መጥተው በስልክ ለእህታቸው ያወራሉ። «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከአባቷ የመጣ ነው። እሳቸው እኮ ሰባት ዓመት ሙሉ… አዎ፣ ራሳቸው ናቸው ያመኑት።»

እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩት።

ሐምሌ 1፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ ባለቤቴን ሳስብ ዋልኩ። ልክ አወሳሰዳችን ትዝ አለኝ። እኔ ሜትሩን ይዤ ደንበኛዋን እለካለሁ፣ እሱ የጨርቁ ጥግ ላይ በጠመኔ ይጽፋል። የትከሻውን ቁጥር እጠራለሁ፣ እሱ ጮክ ብሎ ይደግመዋል። ደረቱን፣ እጅጌውን፣ ቁመቱን፣ ሁሉንም ይደግማል። ወገብ ላይ ስደርስ ግን ቁጥር አልጠራም። አውራ ጣቴን ሜትሩ ላይ እንደያዝኩ አሳየዋለሁ፤ እሱ ዞር ብሎ ያይና «ተቀብያለሁ» ብቻ ይላል። ሌላ ሰው ተራ እየጠበቀ የሴት ወገብ በጩኸት አይጠራም ይል ነበር። ሴቶቹ ይህን ያውቁ ነበር። ከከተማው ማዶ ድረስ የሚመጡልን ስፌታችን በልጦ አይመስለኝም።

እሱ እንዲህ ነበር። ሰው ከማፈሩ በፊት ይቀድማል።

እናቱ የመጡበትን ቀንም አሰብኩ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው፣ እኔ እንድሰማ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «እንግዲህ ልጅ የጠፋው ከማን እንደሆነ ይታወቅ» አሉ። እሱ መኪናውን አላቆመም። «ከእኔ ነው፤ ሐኪም ነግሮኛል» አላቸው። ሐኪም ቤት ረግጦ አያውቅም። እናቱ ተነስተው ወጡ። ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ብዙ አልፈጀበትም። ሱሪ ሊያሳጥሩ የሚመጡ ወንዶች ሳይቀሩ ይቀልዱበት ነበር፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። በሰባተኛው ዓመት ልጃችን ስትመጣ «እንደምንም ሆነለት» አሉ።

ያን ቀን እኔ እጅጌ እየቆረጥኩ ነበር። ለማግስቱ የሚደርስ ልብስ ነው፤ ቀና የምልበት ጊዜ አልነበረኝም። ደግሞስ ምን አውቄ እናገራለሁ? የወር አበባ በዓመት ስንት ጊዜ መጣ ብሎ ማን ይቆጥራል። እሱም ጠይቆኝ አያውቅም።

ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ እነግረው ነበር።

ሐምሌ 7፣ ቅዳሜ



ልጄ ዝናብ መትቷት ገባች። «ጉርድሽን ስጪኝ፣ ላድርቀው» ስላት «ተይ እማ፣ እኔ እተኩሰዋለሁ፤ አንቺ ሻይ ጣጂ» አለች። ደስ አለኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ውሃ ስጥድ ካውያው ሲንሸራተት ይሰማኛል፤ ድሮ እኔና ባለቤቴ ሱቁ ውስጥ ስንሠራ እንደነበረው ያለ ድምፅ ነው። ከዚያ ካውያው ቆመ።

«እማ። ይሄ ምንድን ነው?»

ስፌት ሲተረተር መርፌው የበሳው መስመር አይጠፋም። ሱፍ ላይ ደግሞ እንፋሎት ሲያገኘው ይጎላል። ጉርዱን ገልብጣዋለች። በጎኑ አራት መስመር ጎን ለጎን ተሰልፏል። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። እሷ ግን ከጠረጴዛው ሥር ያደገች ናት።

«ስፌቱ ላልቶ ነበርና…»

«እማ፣ ለእኔ ነው ይሄን የምትይው?»

የሻዩን ውሃ ከእሳቱ አወረድኩ።

«በየስንት ጊዜው ነው?»

«ትንሽ ትንሽ ነው።»

«ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ምን እንዳልኩት ሰምተሻል። መጋረጃው አጠገብ ነበርሽ።»

«ሰምቻለሁ።»

«እንደ ሞኝ ጉርዴን እየጎተትኩ አሳየሁት እኮ።» ድምጿን አልጨመረችም፤ ብትጨምር ይሻለኝ ነበር። «ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ሰውነቴ ይከብደኛል፣ ጉርዴ ግን ልክ ነው። አእምሮዬን መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«እንዳትከፊብኝ ብዬ ነው የኔ ልጅ።»

«በአሥራ ሰባት ዓመቴ የወር አበባዬ ሲቀርብኝስ? ያኔ ስለ መከፋቴ አላሰብሽም። ‹የማን ነው?› ነው ያልሽኝ።»

ይህን የረሳችው መስሎኝ ነበር።

እርጥቡን ጉርድ ወንበር ላይ ተወችው። አንዲት ደንበኛ አሰፍታ ሳትወስደው የቀረ ሰፊ ቀሚስ ተሰቅሎ ነበር፤ እሱን ለብሳ ወጣች። ልኳ ሆነ።

ሐምሌ 14፣ ቅዳሜ

ልብስ አላመጣችም። ካውያውን እንዲያው አጋልኩት። የራሴን መጋረጃ አውርጄ ተኮስኩ።

ሐምሌ 16፣ ሰኞ

ጥግ ያለው ፋርማሲ ገባሁ። ፋርማሲስቱን ዕድሜ ልኩን አውቀዋለሁ፤ የመጀመሪያ ነጭ ካፖርቱን የሰፋነው እኛ ነን። የሆነችውን ሁሉ ነገርኩት፤ ለአንዲት ደንበኛዬ ነው አልኩት።

«ደንበኛዋ ሥራዋ ቁጭ ብሎ ነው?»

«ትኬት ነው የምትሸጠው» አልኩና ምላሴን ነከስኩ።

አልሳቀብኝም። የሴቶች ሐኪም ስም ነገረኝ። «መልካም ሐኪም ናት። ግን የሚነግሯትን ነው የምታክመው፤ ደንበኛዎ ያለውን ሁሉ ትንገራት» አለኝ። ስሙን በአማቼ በኩል አደረስኩ። ከእኔ እንደሆነ እንዳይነግራት አስጠነቀቅኩት።

ሐምሌ 21፣ ቅዳሜ

ዛሬም ልብስ አልመጣም።

ሐምሌ 24፣ ማክሰኞ

አማቼ ብቻውን መጣ። ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው፤ እጁ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ ሲጨብጠኝ ልጄ «ብርዱን ከሥራው ይዞት መጥቶ ነው» ትል ነበር።

«እማማ፣ ካውያ ገዛን» አለ፤ ራሱን እንደሚከስ ሰው።

«ይሁን።»

«ጉርዱን አቃጠለችው። ጠባሳው ቁርጥ ጀልባ ነው የሚመስለው። በመስኮቱ ስለማይታይ ለብሳው ትሄዳለች።»

ሳላስበው ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«የሚቀጥለው ማክሰኞ ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ አለን። ብቻዬን ነው የምገባው፣ አንተም ውጭ ጠብቅ ብላኛለች። ማታ ማታ ታለቅሳለች። እኔ ልጅ ቢመጣም ባይመጣም አብሬያት ነኝ፤ እሷ ግን ራሷ ላይ ፈርዳ ጨርሳለች። እናቴ ደግሞ አታርፍም። እና…» እጆቹን አፋተገ። «ለእናቴ ‹ከእኔ ነው፤ ሐኪም ነግሮኛል› ልላት አስቤያለሁ። በዚህ ያበቃል።»

«እንዳታደርገው።»

ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። እሱ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምነው እማማ?»

«አያበቃም» አልኩት። ሻይ ቀዳሁለት።

ሐምሌ 27፣ ዓርብ

ካገባሁ ጀምሮ በየጠዋቱ መስኮቱ አጠገብ የማደርጋትን ነገር ትቻለሁ። የክሩን ቆርቆሮ አልከፈትኩም። መስታወቷን ገልብጬ አስቀመጥኳት።

ሬዲዮ «ምነው ሻርፕ እስከ አፍንጫ?» አለችኝ። ብርዱ ነው አልኳት።

ነሐሴ 1፣ ማክሰኞ

ከእነሱ ቀድሜ ደረስኩ። ልጄ አየችኝና ከባሏ ማዶ ተቀመጠች። ተራዋ ሲጠራ ተነስታ ገባች። በሩን ግን አልዘጋችውም። አማቼ በክርኑ ነካ አደረገኝ። ገባሁ።

ሐኪሟ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አስቀምጣ የምትፈልግ ሴት ናት። ስለ ክብደት ጠየቀቻት። ልጄ «ጨምሬያለሁ፤ ምን ያህል እንደሆነ እናቴን ይጠይቋት» አለች። እኔም በየጊዜው ያሰፋሁትን ተናገርኩ። ሐኪሟ የሚገርም ነገር እንደሰማች ሳታስመስል ጻፈችው።

«ከቤተሰብስ? የወር አበባ መዘግየት፣ ፀጉር መብዛት?»

«እናቴ ጤነኛ…» ልጄ ጀመረች።

ሻርፔን ፈታሁ።

አገጬን ልጄ እንዲህ ፀጉር አብቅሎ አይታው አታውቅም። አባቷም አይቶት አያውቅም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ብርሃን በሙሉ እዚያ ላይ ያረፈ መሰለኝ።

«እርስዎም?» አለች ሐኪሟ።

«እኔም። በዓመት ሁለቴ፣ ሦስቴ ነበር የሚመጣው። ከዚህች ልጅ በፊትም በኋላም።»

የልጄ ዓይን ከአገጬ አልተነሳም። ከዚያ እጇ ሳታስበው ወደ ራሷ አገጭ ሄደ።

አልትራሳውንዱ ላይ ሆዷ ውስጥ ያለውን አሳዩን። ኦቫሪዋ ዙሪያውን ጥቋቁር ክብ ነገሮች ደርድሯል።

«እማ፣ ቁልፍ ይመስላሉ» አለች።

ከጉርዱ ቀን ወዲህ እኔን ያናገረችበት የመጀመሪያው ቃል ነው።

ሐኪሟ ያለችውን እንዳልረሳው እጽፈዋለሁ። ስሙ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ነው። የደም ምርመራው እስኪመጣ ብጠብቅም ምልክቶቹ ይበቁኛል አለች። ጥቋቁሮቹ ዕጢ አይደሉም፤ በስለው ያልተለቀቁ እንቁላሎች ያሉባቸው ከረጢቶች ናቸው። «መነሻው ይሄ ነው ብሎ በአንድ ጣት የሚያሳይ ሐኪም የለም። በዘር ይወርዳል። ደግሞ ስኳርን ወደ ሰውነት የሚያስገባው ኢንሱሊን አለ፤ አንቺ ጋ ሰውነትሽ ጥሪውን ቶሎ አይሰማም። ስላልሰማ ኢንሱሊኑ ይበዛል። ሲበዛ ኦቫሪዎቹ የወንድ የምንለውን ሆርሞን ያበዛሉ። ማንኛዋም ሴት ጥቂት አላት፤ አንቺ ጋ በርክቷል። ፀጉሩም፣ የወር አበባው መዘግየትም፣ የእንቁላሉ አለመለቀቅም ከዚያ ይመጣል።»

«አብዝቼ በልቼ ነው?»

«አይደለም። ክብደት ያባብሰዋል፣ እሱም ክብደት ይጨምራል፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ቀጫጭን ሴቶችም አለባቸው። የምትፈልጊው ጥፋተኛ ከሆነ እዚህ አታገኚም።»

ነቅሎ የሚጥለው መድኃኒት የለም፤ የሚገራው ግን አለ አለች። ለጥቂት ወራት የወር አበባውን ሥርዓት የሚያሲዝ ክኒን ትወስዳለች፤ የማኅፀን ሽፋን ሳይወርድ ለረጅም ጊዜ ሲከማች ለወደፊቱ ደግ አይደለም። ለኢንሱሊኑ የስኳር ሕሙማን የሚወስዱት መድኃኒት ታዞላታል። በየቀኑ መራመድ፣ ጣፋጭና ነጭ ዱቄት መቀነስ፤ ትንሽ ክብደት መውረዱ ብቻ እንቁላሉን ሊያስለቅቀው ይችላል። ልጅ ለመሞከር ስትዘጋጅ ደግሞ እንቁላል የሚያስለቅቅ ክኒን አለ።

«እወልዳለሁ?» አለች ልጄ። ለዚህች ጥያቄ ነው ይሄ ሁሉ።

«ቃል አልገባልሽም። ከዚህ ጋር የወለዱ ብዙ ሴቶች አውቃለሁ። አንዷ አጠገብሽ ተቀምጣለች።»

ለእኔም ስኳርዎን ይለኩ ብላ ወረቀት ሰጠችኝ።

ስንመለስ አማቼ አውቶቡሱ ውስጥ ከፊት ተቀመጠ፤ እኛን ከኋላ ተወን።

«አባቴስ?» አለች በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች።

«አባትሽ ምንም አልነበረበትም። እናቱ እኔ ላይ እንዳይመጡ ብሎ ነው።»

«አንቺስ ያኔ?»

«እጅጌ እየቆረጥኩ ነበር።»

ብዙ መንገድ ሄድን።

«እኔን ከወለዳችሁም በኋላ ይቀልዱበት ነበር» አለች። «ጠረጴዛው ሥር ሆኜ እሰማለሁ። ፊታቸውን አላውቀውም። ጫማቸውን ግን ዛሬ ባየው አውቀዋለሁ።»

ነሐሴ 3፣ ሐሙስ

የእጅጌዋን ቅድ አወረድኩ። «እህቴ ሆይ» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁርጥ በጣቴ ዳበስኩት። እሳት ከበላው የሚቀር ወረቀት የለም። አሁን ግን ቀጥሎ ምን እንደሚል አውቃለሁ።

ለባለቤቴ ላነብለት ፈለግኩ። ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሲሰማኝ የሚያደርጋት ነገር ነበረችው፤ ሳልጨርስ ዐረፍተ ነገሩን ይጨርስልኝ ነበር።

ነሐሴ 9፣ ረቡዕ

ሬዲዮ ሱቅ ሄድኩ፤ ያለ ሻርፕ። ክር አልገዛሁም። ለሰባት ዓመት ልጅ ያልመጣልን በእኔ በኩል ባለው ሕመም እንደሆነ፣ ባለቤቴ የሐኪም ቤት ደጅ እንኳ ረግጦ እንደማያውቅ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። አፏን ከፍታ ሰማችኝ።

«ጉድ ነው» አለች። «እና ይሄን ሁሉ ዘመን…»

«ይሄን ሁሉ ዘመን።»

ለማንም እንዳትነግሪ አላልኳትም።

ነሐሴ 15፣ ማክሰኞ

የልጄ አማት ደወሉልኝ። ስለ አየሩ ጠየቁኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቁኝ። ከዚያ «ባለቤትዎ ጥሩ ሰው ነበሩ አሉ» አሉኝ። ወሬው ደርሷል ማለት ነው። «ነበር» አልኳቸው።

ስኳሬ በትንሹ ከፍ ብሏል። ከልጄ ጋር በየማለዳው እስከ መናኸሪያው በእግር እንሄዳለን። አታወራም፣ እኔም አላወራም፤ ግን እርምጃዋን ከእኔ ጋር ታስተካክላለች።

ነሐሴ 26፣ ቅዳሜ

ዝናቡ እየለቀቀ ነው። ጠዋት ቆርቆሮው ዝም ሲል መኪናው ሲረገጥ የሰማሁ መሰለኝና ዞር አልኩ።

ልጄ መጣች። በአንድ እጇ የተቃጠለው ጉርድ፣ በሌላው አዲስ ሱፍ። የወር አበባዋ በቀኑ መጥቶ በቀኑ እንደሄደ በሩ ላይ ቆማ ነገረችኝ፤ የአውቶቡስ መድረሻ ሰዓት እንደምትናገር። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ነግራኝ አታውቅም።

«ካውያው እዚያው ይቀመጥ፤ ለባሌ ሱሪ ይሆናል» አለች። «አዲስ ጉርድ ስፊልኝ።»

«ትርፍ ልተውበት?»

አሰበች። «ተዪበት። መርፌ ባስገባሽ ቁጥር ግን ትነግሪኛለሽ።»

«እነግርሻለሁ።»

ሁለት ሴቶች ገብተው ተራ እየጠበቁ ነበር፤ አንዷ ጃኬት ልታስጠብብ፣ አንዷ ዚፕ ልታስቀይር። ልጄ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጠመኔ አነሳችና የጨርቁን ጥግ ወደ ራሷ ሳበችው። ዳሌዋን ለካሁ፣ ጠራሁ፤ ደገመችው፣ ጻፈችው። ቁመቷን ለካሁ፣ ጠራሁ፤ ደገመችው። ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞርኩና እንደ ልማዴ አውራ ጣቴን ቁጥሩ ላይ አድርጌ ላሳያት ቀና አልኩ።

አላየችውም። ዓይኗን ጨርቁ ላይ አድርጋ ጠመኔውን ይዛ ትጠብቃለች።

«ጮክ ብለሽ ጥሪው፣ እማ።»

ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ ጮክ ብዬ ጠራሁት።

ጻፈችው። ከዚያ ጠመኔውን ጆሮዋ ላይ ሰካችና «ተቀብያለሁ» አለች።